ከተማው በጓሮዬ ያለውን የመስመር መብቱን ቢለቅ መሬቱ የማን ይሆናል? አንድ ጥያቄና አሥራ ስድስት መልሶች

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ በዴንቨር ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዷ ቤት ገዝቼ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከጓሮዬ ጫፍ፣ የኋላውን አጥር ታክኮ የሚሄድ 8 ጫማ ስፋት ያለው ቁራጭ መሬት አለ፤ በካውንቲው መዝገብ ቤት ባለው ካርታ ላይ በተቆራረጠ መስመር ተለይቶ ይታያል። ቦታው ቀድሞ 16 ጫማ ስፋት የነበረው የጓሮ መንገድ ነበር። ከተማው መንገድነቱን የሻረው እኔ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ ከብዙ ዓመታት በፊት ሲሆን፣ ግማሹ ወደ እኔ ቦታ፣ ግማሹ ደግሞ ከኋላዬ ወዳለው ጎረቤት ቦታ ሲገባ፣ ከተማው ቱቦ የመቅበርና ለጥገና የመግባት መብቱን ለራሱ አስቀርቷል። እዚህ አገር ኢዝመንት የሚሉት ይህንን ነው።

ነገሩን አንገብጋቢ ያደረገው የእናቴ መምጣት ነው። እናቴ ደረጃ መውጣት ስለሚቸግራት በጓሮው አንዲት ትንሽ ቤት ልሠራላት አስቤአለሁ። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ ከሰኔ 30 ቀን 2025 ጀምሮ የሕጉ ግዴታ ያረፈባቸው ከተሞች በአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቦታ ላይ ተጨማሪ ትንሽ ቤት እንዲፈቅዱ ስለሚያስገድድ፣ ከዚያ በኩል ችግር አልገጠመኝም። ንድፉን ይዤ ስቀርብ ግን የኋላው ግድግዳ በዚያ 8 ጫማ ውስጥ 3 ጫማ ያህል እንደሚገባና በኢዝመንት ላይ ቤት መሥራት እንደማይፈቀድ ተነገረኝ። መሐንዲሱ እንዳስረዳኝ በቦታው የነበረው የውኃ ቱቦ ወደ ፊት ለፊቱ መንገድ ተዛውሯል፤ ስለዚህ ከተማው መብቱን እንዲለቅ ማመልከት እችላለሁ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ከተማው መብቱን ሲለቅ መሬቱ የእኔ ይሆናል ማለት ነው? ዋጋ መክፈል ይኖርብኛል? የጎረቤቴስ ግማሽ እንዴት ይሆናል?

ይህንን ከጻፍኩ በኋላ ውይይቱ ሁለት ሳምንት ተኩል ዘለቀ። ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች እንዲመች የተሰጡትን መልሶች በቅደም ተከተላቸው፣ ቃል በቃል ሳልገለብጥ፣ እንደሚከተለው አስፍሬአቸዋለሁ።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ በቤት ሽያጭ ሥራ የተሰማራ ወንድም ነበር። ለእናቴ መልካም ጉዞ ከተመኘ በኋላ፣ ከተማው መሬቱን በገበያ ዋጋ አስገምቶ እንደሚሸጥልኝ፣ ስለዚህ ከወዲሁ ገንዘብ ማዘጋጀት እንዳለብኝ መከረኝ። አነጋገሩ ትሑት፣ ልቡም ቅን ነበር፤ ምክሩ ግን የተሳሳተ መሆኑን ያወቅሁት ከሚቀጥለው መልስ ነው።

መልስ 2፦ በአንድ የታይትል ኢንሹራንስ፣ ማለትም ለመሬት ባለቤትነት ሰነድ ዋስትና በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ መዝገብ በመመርመር የምትሠራ እኅት የመጀመሪያውን መላሽ በአክብሮት አረመችው። እንደ እርሷ አባባል የጥያቄዬ አቀራረብ ራሱ መሠረቱን ስቷል። መሬቱ ዛሬም የእኔ ነው፤ የባለቤትነት ሰነዴ እስከ ቀድሞው የጓሮ መንገድ መካከል ድረስ ይዘልቃል፤ የንብረት ግብሩንም እስካሁን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከተማው ያለው በእኔ መሬት ላይ የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ይህንንም ከአህያና ከጭነት ጋር አመሳሰለችው፤ ከተማው ጭነቱን ከአህያዬ ላይ ያወርዳል እንጂ አህያ አይሰጠኝም። የሚሸጥ መሬት ስለሌለ ስለ መሬት ዋጋ መነጋገር ቦታው አይደለም፤ የማመልከቻና የመዝገብ ክፍያ ግን የትም ከተማ ይኖራል። አክላም የኮሎራዶ ሕግ የተሻረን መንገድ በሁለቱም በኩል ላሉት ባለይዞታዎች እስከ መካከሉ ድረስ እንደሚያስተላልፍ አስታወሰች፤ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለጎረቤቴ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

መልስ 3፦ የሲያትል ነዋሪ የሆነ አባል የመጀመሪያው መላሽ ከሜዳ ተነሥቶ እንዳልተሳሳተ ለማሳየት ገባ። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከተማ መንገድን በሚለቅበት ጊዜ፣ በሕጉ ምዕራፍ 35.79 መሠረት፣ ከአጎራባች ባለይዞታዎች እስከ ግምቱ ግማሽ ድረስ ሊያስከፍል ይችላል፤ መንገዱ ለሕዝብ አገልግሎት ከተሰጠ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ደግሞ ሙሉውን ግምት ሊጠይቅ ይችላል። አመልካቾቹም መንገዱን ከሚያዋስነው ይዞታ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የያዙ መሆን አለባቸው። እርሱና ጎረቤቶቹ በዚህ መንገድ ከፍለው ካስለቀቁ በኋላ፣ ከተማው ለውኃና ለፍሳሽ መስመር ኢዝመንት ይዞ እንደቀረ፣ በከፈሉበት መሬት ላይ ዛሬም ከሣር በቀር ምንም ማቆም እንደማይችሉ በምሬት አወጋ። ከዚህም የእኔ ኢዝመንት ከየት እንደተወለደ ተገለጠልኝ፤ እርሱ አሁን ያለበት ደረጃ የእኔ ቦታ ከብዙ ዓመታት በፊት ያለፈበት ነው። እኔ የምጠይቀው ሁለተኛውን ልቀት ነው።

መልስ 4፦ አራተኛው መላሽ ተጠራጣሪ ነበር። መንግሥት የያዘውን በፈቃዱ ሲለቅ አይቶ እንደማያውቅ፣ መሐንዲሱም እኔን ከቢሮው ለማስወጣት ብሎ የተናገረው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ለዚህ ሁለተኛዋ መላሽ እዚያው ሥር በአጭሩ መልሳለታለች፦ የዴንቨር ምክር ቤት እንዲህ ዓይነቱን ልቀት በየጊዜው በድንጋጌ እንደሚያጸድቅ፣ በድንጋጌው ላይም መብቱ በመጀመሪያ የተያዘበት የቀድሞው ድንጋጌ ቁጥርና ዓመት እንደሚጠቀስ፣ ስለዚህ የእኔም የመጀመሪያ ሥራ መሆን ያለበት መንገዱ የተሻረበትን አሮጌ ድንጋጌ ከመዝገብ ማውጣት እንደሆነ ገለጸች። ይህ ምክር ከጠቅላላው ውይይት ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ነው፤ ሰነዱን ባወጣሁት ጊዜ ጽሑፉ ስለ ከተማው መስመሮች ብቻ እንደማይናገር ተመለከትኩና ደነገጥኩ።

መልስ 5፦ እዚህ ላይ በመስመር ቁፋሮና ዝርጋታ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ አባል ረጅም ጽሑፍ አሰፈረ። ከማናችንም በላይ ያወቀው እርሱ ስለ ነበር እኔም አላሳጥረውም። አንድ ኢዝመንት የብዙ ባለመስመሮች መተላለፊያ ሊሆን እንደሚችል፣ ከተማው የውኃና የፍሳሽ መብቱን ቢለቅም የመብራት፣ የጋዝ፣ የስልክና የኬብል ድርጅቶች በዚያው ቁራጭ መሬት ውስጥ የራሳቸው መስመርና የራሳቸው መብት ሊኖራቸው እንደሚችል አስረዳ። በዚህ ምክንያት ከተሞች ጉዳዩን ወደ ምክር ቤት ከማቅረባቸው በፊት ከእያንዳንዱ ድርጅት ተቃውሞ የለንም የሚል ደብዳቤ ይጠይቃሉ። አንዱ ደብዳቤ ከቀረ ማመልከቻው ካለበት ፈቀቅ አይልም።

ከዚያም አካፋ ከማንሣቴ በፊት በ811 እንድደውል አሳሰበኝ። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2005 ለመላው አሜሪካ ተመድቦ ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ሲደወል ባለመስመሮቹ ሠራተኛ ልከው መሬቱ ላይ ቀለም ይቀባሉ፣ ትንንሽ ባንዲራም ይተክላሉ። ቀይ የመብራት ነው፤ ቢጫ የጋዝ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኬብል፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውኃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽና የጎርፍ፣ ወይን ጠጅ ታጥቦ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውል ውኃ ነው፤ ሮዝ የቀያሽ ጊዜያዊ ምልክት ሲሆን፣ ነጩን የሚቀባው ቆፋሪው ራሱ ነው። በኮሎራዶ ከምልክቱ ግራና ቀኝ 18 ኢንች ውስጥ በከፍተኛ ጥንቃቄ እንጂ በማሽን ዝም ብሎ መቆፈር አይፈቀድም። ከቆጣሪ ወዲህ ያለውን፣ ባለቤቱ ራሱ ያስቀበረውን የግል መስመር ግን ምልክት አድራጊዎቹ አያሳዩም፤ ይህንን ያልተረዱ ሰዎች ባንዲራ ባላዩበት ቦታ ሁሉ መሬቱ ባዶ ነው ብለው ያምናሉ። በመጨረሻም ቱቦ ተዛወረ ማለት ከመሬት ወጣ ማለት እንዳልሆነ አስጠነቀቀ። አሮጌው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ጫፍና ጫፉ ተደፍኖ እዚያው ይቀራል፤ መሠረት ሲቆፈር የሚገኘው ያ ነው፤ የማንሣቱንም ወጪ ማን እንደሚሸፍን በልቀቱ ስምምነት ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

መልስ 6፦ ከሎስ አንጀለስ የጻፈች አባል፣ በካሊፎርኒያ ጉዳዩ ቀለል ያለ መሆኑን በመግለጽ የመንገዶችና የአውራ ጎዳናዎች ሕጉን ቁጥር 8333 አነሣች። በዚህ አንቀጽ መሠረት የሕዝብ አገልግሎት ኢዝመንት ለተሰጠበት ዓላማ በተከታታይ አምስት ዓመት ካልዋለ፣ ወይም ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በላይ ከአምስት ዓመት በታች ሆኖት ጭራሽ ጥቅም ላይ ካልዋለ፣ ወይም መስመሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ በውስጡ ሌላ የሕዝብ መስመር ከሌለ፣ ምክር ቤቱ በአጭር ሥርዓት ሊለቀው ይችላል። ይህንን ያነበቡ ሁለት ሰዎች ኢዝመንት አምስት ዓመት ካልተሠራበት በራሱ ይሞታል ማለት ነው ብለው ደስታቸውን ገለጹ፤ እርሷም ተመልሳ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ፣ አምስቱ ዓመት ለምክር ቤቱ አጭሩን መንገድ የሚከፍትለት ቅድመ ሁኔታ እንጂ መብቱን የሚገድል እንዳልሆነ፣ ውሳኔው ተላልፎ በካውንቲው መዝገብ እስኪገባ ድረስ ኢዝመንቱ በሕይወት እንዳለ አስገነዘበቻቸው። የካሊፎርኒያ ሕግ ኮሎራዶ ድረስ እንደማይሠራ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

መልስ 7፦ ይህ የእኔ ነው። በ811 ደውዬ ምልክት አድራጊዎቹ መጥተው ስለ ነበር ያየሁትን ለአባላቱ አሳወቅሁ። ሰማያዊ ቀለም በጓሮዬ የለም፤ መሐንዲሱ እውነቱን ነው። ከአጥሩ በሁለት ጫማ ያህል ርቀት ግን ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ ባንዲራ ተሰልፏል። በዘጠኝ ዓመት ኑሮዬ ቲማቲምና ጤና አዳም የተከልኩበት መደብ የማን እንደሆነ በማላውቀው ገመድ ላይ ኖሯል።

መልስ 8፦ ውይይቱ ከመንገዱ የወጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ አባል፣ እዚህ አገር ለ8 ጫማ መሬት ይህን ያህል ደብዳቤ ሲጻፍ በአገራችን ሰፈር ሙሉ በአንድ ጠዋት እንደሚነሣ ገልጾ፣ በ1967 ዓ.ም. የወጡትን የገጠር መሬትና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጆች፣ ቀጥሎም መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደረገውንና እንዳይሸጥ የከለከለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 እየጠቀሰ ረጅም ሐተታ ጻፈ። በአዲስ አበባ ባለይዞታው የያዘው ለመኖሪያ 99 ዓመት የሚደርስ ሊዝ ስለሆነ፣ ኢዝመንት መልቀቅ የሚባል ነገር ለእኛ ሰው ትርጉም እንደሌለው ደመደመ። ከሐተታው ሥር ሰባት ሰዎች ስለየራሳቸው የቤተሰብ ቤት አነሡ፤ እንባ ያዘለም ነበረበት። ከጥያቄዬ ጋር ግን አይገናኝምና እዚህ አልዘረዝረውም።

መልስ 9፦ ለስምንተኛው ቆጣ ያለ መልስ የሰጡት በአገር ቤት በዳኝነት ያገለገሉ አዛውንት ናቸው። መሬት የማን ነው የሚለውና በመሬት ላይ ምን ሸክም አለ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሆነው ሳለ ወንድማችን እንዳደባለቃቸው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ አንዱ መሬት ለሌላው መሬት ጥቅም ሲል የሚሸከመውን ግዴታ በዝርዝር እንደደነገገ፣ ለእኛ ሰው ትርጉም የለውም ማለትም ሕጉን ካለማንበብ የመጣ መሆኑን ጻፉ። ስምንተኛው መላሽ አክብሮቱን እንደጠበቀ፣ ግን በማሾፍ፣ ጋሼ ያነበቡት ሕግ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ እኔም አውቃለሁ የሚል ዓይነት መልስ ሰጣቸው። አስተናባሪው ሁለቱንም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ አሳሰበ። እኔ በበኩሌ ክርክሩን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አላልኩትም። በመጀመሪያው ጥያቄዬ መሬቱ የእኔ ይሆናል ወይ ብዬ የጠየቅሁት፣ መሬት ምንጊዜም ከመንግሥት እጅ የሚመጣ ነገር ነው ብዬ ይዤ ስለመጣሁ ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 10፦ ከቴክሳስ የጻፈ አንድ ሰው፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ በመሠረት ላይ ያልቆመ ቀለል ያለ ቤት እንዳቆም፣ ከአጥር በስተጀርባ ያለውን ማን ያየዋል ሲል በሁለት መስመር መከረኝ።

መልስ 11፦ ይህንን ተከትሎ የመጣው መልስ ከሁሉም የከረረ ነበር። ጸሐፊዋ በቀጥታ ስምንት መስመር ሙሉ ገሠጸችው፤ ስድቡን ትቼ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። የእርሷ ጎረቤት በፍሳሽ ኢዝመንት ላይ የሲሚንቶ ወለል አፍስሶ መታጠቢያ ያለው ክፍል ሠርቶበት ነበር። በክረምት ቱቦው ሲሰበር ከተማው ወለሉን በመዶሻ ሰብሮ ገባ፤ ቱቦውን ጠገነ፤ ጉድጓዱን በአፈር ሞልቶ ሄደ። ሰውዬው ካሳ ቢጠይቅ፣ መብቴ ባለበት ቦታ ላይ ሳይፈቀድልህ የሠራኸውን መልሼ የመሥራት ግዴታ የለብኝም ተባለ፤ የቤት ኢንሹራንሱም አልሸፈነለትም። ቤቱን ሊሸጥ ባወጣ ጊዜ ደግሞ የገዢው ቀያሽ ክፍሉን በኢዝመንቱ ውስጥ አግኝቶት ሽያጩ ፈረሰ። የቴክሳሱ ሰው አልተመለሰም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ በአንዲት መስመር የዘጋው ሌላ አባል ነው።

መልስ 12፦ የሕግ ተማሪ መሆኑን የገለጸ ወጣት ውይይቱን ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከፍ አደረገው። ሁለት ውሳኔዎችን አነሣ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1982 በሎሬቶ ጉዳይ የተሰጠው ነው። በኒው ዮርክ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ያላት ሴት፣ የኬብል ድርጅት በጣሪያዋ ላይ ገመድና ትንንሽ ሳጥን በማኖሩ ስትከስስ፣ የክፍለ ግዛቱ ደንብ ለዚህ የመደበው ክፍያ አንድ ዶላር ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቦታው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን በሰው ንብረት ላይ በቋሚነት መቀመጥ ንብረት እንደመውሰድ ይቆጠራል ብሎ ፈረደላት። ሁለተኛው በጎረቤታችን ዋዮሚንግ የተነሣውና እ.ኤ.አ. በ2014 በስምንት ለአንድ ድምፅ የተወሰነው የብራንት ጉዳይ ነው። መንግሥት በ1976 ለብራንት ቤተሰብ 83 ኤከር መሬት ሲሰጥ በመካከሉ የባቡር ሐዲድ መተላለፊያ ነበረበት፤ ሐዲዱ ሲነቀል መንግሥት መተላለፊያው ወደ እኔ ይመለሳል ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ የባቡር ድርጅቱ የነበረው ኢዝመንት ብቻ ስለሆነ ሲተወው ሸክሙ ይጠፋል፣ ባለመሬቱም አዲስ ሰነድ ሳያስፈልገው መሬቱን ከሸክም ነጻ ሆኖ ይይዛል አለ።

ይህ የሁለተኛዋን መላሽ የአህያ ምሳሌ በሕግ ቋንቋ ያጸናው ይመስለኛል። ወጣቱ በተጨማሪ አንዳንድ ከተሞች ኢዝመንት ለመልቀቅ ለምን ዋጋ እንደሚጠይቁ ሲያስረዳ፣ የቴክሳስ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ክፍል 52 የሕዝብን ገንዘብም ሆነ ዋጋ ያለውን ነገር ለግለሰብ በነጻ መስጠትን እንደሚከለክል፣ መብትም ዋጋ ያለው ነገር ስለሆነ ምክር ቤቶች ይህንን እንደሚፈሩ ጠቀሰ። ስለዚህ የመጀመሪያው መላሽ ስለ ክፍያ ያለው ሁሉ በየትኛውም ቦታ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛዋ መላሽ ይህንን አምናለች፤ ወንድሟንም ይቅርታ ጠይቃለች። በእንዲህ ዓይነት መድረክ ይህንን ማየት ብርቅ ነው።

መልስ 13፦ አንድ ቀያሽ፣ ሁላችንም ስለ መልቀቅ ስንነጋገር ሙሉውን መልቀቅና ከፊሉን መልቀቅ እንዳልለየን አመለከተ። የኬብሉ ገመድ ከአጥሩ ሁለት ጫማ ርቀት ላይ ከሆነና ቤቱ የሚገባው ከሌላኛው ጠርዝ 3 ጫማ ብቻ ከሆነ፣ ስምንቱንም ጫማ ለማስለቀቅ መታገል ለምን አስፈለገ? ወደ ቤቱ በኩል ያለውን 4 ጫማ ብቻ ለይቶ በቀያሽ ማስለካት፣ ማዕዘናቱንና ርዝመቱን በጽሑፍ ማስፈር፣ ካርታውንም ማያያዝ ይበቃል፤ ቀሪው 4 ጫማ ለባለገመዱ ይቆያል። ልኬቱ በኢንች ከተሳሳተ ግን በድንጋጌው ላይ የሚጻፈው ልቀትም አብሮ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ፈቃድ በሌለው ሰው እንዳላስለካ አስጠነቀቀ። ቀላል ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥራ ሁለት መልሶች ግን ማንም አላሰበውም፤ እኔንም ጨምሮ።

መልስ 14፦ ዘጠነኛው መላሽ ጋሼ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ቁጣቸው በርዶ ነበር። ከጎረቤቴ ጋር ተነጋግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሕጉ የእርሱን ፊርማ ባይጠይቅ እንኳን፣ ከተማው የማስታወቂያ ደብዳቤ ሲልክለት ነገሩን ከፖስታ ሳጥኑ ከሚሰማ ከእኔ አፍ ቢሰማው እንደሚሻል፣ በርስት ጉዳይ ሰው ከመሬቱ ይልቅ በመደፈሩ እንደሚቆጣ ከችሎት ዘመናቸው አንድ ታሪክ አጫወቱን። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የባሕር ዛፍ ረድፍ ዓሥር ዓመት ከተካሰሱ በኋላ፣ ዛፉ ለመብራት መስመር ሲባል ተቆርጦ ክሱ ያለ ፍርድ ተዘግቷል። ምክራቸውን ተቀብዬ በማግሥቱ ሄድኩ። ጎረቤቴ ከሰማኝ በኋላ የእርሱንም 8 ጫማ አብረን እናስለቅቅ አለኝ፤ የመዋኛ ገንዳ መሥራት ያምረው ኖሯል።

መልስ 15፦ በዚህ መካከል ስለ ግብር አጭር ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ ሸክሙ ሲወርድ የመሬቱ ዋጋ ስለሚጨምር ግብሩም ይጨምራል አለ፤ ሌላው ለ4 ጫማ ጓሮ ገማች አይላክም ብሎ ሳቀበት። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል፤ ግብሩን የሚያስጨምረው በዋናነት የሚሠራው ቤት ነውና። ይኸው ሁለተኛው ሰው ከተማው እንዲህ ዓይነቱን መብት ጨርሶ መልቀቅ የለበትም የሚል ጠንከር ያለ ሐሳብም አቀረበ፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የጎርፍ ቱቦ ማሳለፍ ቢያስፈልግ ከተማው ያንኑ መብት ከልጄ ወይም ከገዢዬ በካሳ መልሶ ይገዛል፣ ወጪውንም ግብር ከፋዩ ሁሉ ይሸከማል። ለዚህ ማንም የረባ መልስ አልሰጠውም። ከተሞች በቀላሉ የማይለቁበት ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፤ አራተኛው መላሽ እንዳሰበው ክፋት አይደለም።

መልስ 16፦ የመጨረሻውን የጻፈችው ያቺው ሁለተኛዋ መላሽ ናት። ድንጋጌው ቢጸድቅ እንኳን ምክር ቤቱ ባጨበጨበ ማግሥት ሥራ እንዳልጀምር፣ ሰነዱ በካውንቲው መዝገብ ገብቶ ቁጥር እስኪሰጠው እንድጠብቅ፣ ቅጂውንም ከቤቱ ሰነድ ጋር እንዳኖረው አጥብቃ መከረች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት የአገራችን ሰዎች ለዚህ ነው አለች። በሥራዋ ላይ ከተማው ለቆት በመዝገብ ሳይገባ የቀረ ኢዝመንት አጋጥሟታል፤ ቤቱ ሲሸጥ ልቀቱን የፈጸመው ሠራተኛ ጡረታ ወጥቶ፣ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ፣ ቤተሰቡ ሁሉንም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

አሁን ያለሁበትን ልጨምር። የቀያሹን ምክር ተከትዬ 4 ጫማውን ብቻ አስለክቼ አመልክቻለሁ፤ ጎረቤቴ ለገንዳው ሙሉ 8 ጫማውን ስለሚፈልግ ለብቻው ያመለክታል። የጋዝና የመብራት ድርጅቶቹ ተቃውሞ እንደሌላቸው የሚገልጹት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የብርቱካናማው ገመድ ባለቤት ግን ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላው የተሸጠ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ገመዱ የእኛ አይደለም ሲል ሁለተኛው በካርታችን ላይ የለም ብሎኛል። አምስተኛው መላሽ ምልክት ያደረገውን ሠራተኛ የላከው ማን እንደሆነ በ811 የጥሪ ቁጥሬ እንዳስጠይቅ ትናንት ማታ በግል ጽፎልኛል። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።

እናቴ በበኩሏ በስልክ ጓሮውን በቪዲዮ አሳይቻት፣ ቤቱን 3 ጫማ አሳጥረህ ብትሠራው ምን ይጎድለኛል ብላኛለች። ያንን በመድረኩ አስቀድሞ የጠየቀኝ ሰው የለም።